በከሰል አገር የተሠራ የሥዕል ቤት

በጀርመን አገር በስተ ምዕራብ ያለው የሩር ወረዳ ስሙ የሚነሣው በድንጋይ ከሰልና በብረት ነው። የሥዕል ቤተ መዘክሮቹን የሚጎበኝ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። እኛም ከእነዚሁ አንዱን፥ በኤሰን ከተማ ያለውን ፎልክቫንግን መርጠናል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ኤርንስት ኦስትሃውስ የተባለ ባለጸጋ ከአያቶቹ በወረሰው ገንዘብ ይህን ቤት በ1902 በሐገን ከተማ ከፈተ። በፋብሪካ ጢስ መካከል ለሚኖር ሕዝብ ውበት ያስፈልገዋል ብሎ ያምን ነበርና የቫን ጎግን፥ የጎጋንንና የሴዛንን ሥዕሎች ሰበሰበ። በ1921 እርሱ ሲሞት ስብስቡ በ1922 ተሽጦ ወደ ኤሰን ተዛወረ።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን መንግሥቱ አዲሱን የሥዕል አሠራር «የተበላሸ ጥበብ» ብሎ በ1937 ከ1,200 የሚበልጡ ሥራዎችን ከዚያ ቤት ወሰደ። ከእነዚህም አንዱ የማቲስ ሥዕል በ1939 በስዊስ አገር በሐራጅ ተሽጦ ዛሬ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ይገኛል። ቀጥሎም ሕንፃው በጦርነቱ በቦምብ ፈረሰ።

አዲሱ ሕንፃ በ1960 ተከፈተ። ሴዛን የድንጋይ ማውጫውን የሣለበት ሥዕል ግን የተመለሰው በ1964 ነው፤ ያውም ቤቱ የራሱ የነበረውን እንደገና በገንዘብ ገዝቶ። በ2015 ደግሞ ቋሚው ስብስብ ለሁሉ በነጻ ተከፈተ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ግንቡን ያፈረሰው የጠላት ቦምብ ነው፤ አስቀድሞ ግድግዳውን ያራቆተው ግን የገዛ አገሩ መንግሥት ነበር። የፈረሰ ግንብ ተመልሶ ይሠራል፤ የተበተነ ቅርስ ግን ሁሉም አይመለስም። ስለዚህ የሕዝብን ቅርስ መጠበቅ የዘበኛ ሥራ ብቻ ሳይሆን የተማረ ዜጋ ሁሉ ግዴታ ነው እንላለን።