ከሲኒ እስከ ሻይ ዕቃ፤ በቡፌአችን ውስጥ ያለው ታሪክ

የስደት ሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በማስረጃነት የሚቀርቡት ፓስፖርት፣ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ናቸው። በናይሮቢ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት ግን ማንም እንደ ሰነድ የማይቆጥረው ሌላ ማስረጃ በቡፌ ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። እርሱም ለክቡር እንግዳ ካልሆነ በቀር የማይወጣው ባለአበባ የሻይ ዕቃ ነው። ይህች አጭር ጽሑፍ የዕቃውን አመጣጥ፣ ጥንታዊውን ከአዲሱ መለያ መንገድና ልንጠብቀው የሚገባበትን ምክንያት ለማስረዳት ትሞክራለች። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ የሚነግረን

ለቡና የምንጠቀምበት «ሲኒ» ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። የቻይና ሸክላ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ወደ አካባቢያችን የደረሰው አውሮፓውያን ሥራውን ከመማራቸው በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ነው። በማሊንዲ አጠገብ በምትገኘው በጥንታዊቷ የጌዲ ከተማ ፍርስራሽ፣ ጄምስ ኪርክማን ከ1948 ጀምሮ በመራው ቁፋሮ ብዙ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል። በታንዛኒያ ኩንዱቺ ደግሞ የመቃብር ሐውልቶች በቻይና ሳህኖች ያጌጡ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ዕቃ ለምሥራቅ አፍሪካ የቅኝ ገዢዎች ስጦታ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

በራዱ የመጣው በኋላ ነው። በቻይና ቀድሞ ሻይ ተጠፍጥፎ ይደርቅና ተፈጭቶ ይጠጣ ነበር። በ1391 የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሥ ሆንግዉ የሻይ ግብር በጥፍጥፍ መሆኑ ቀርቶ በቅጠል እንዲገባ አዘዘ። ቅጠሉን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ እየተስፋፋ ሲሄድም በራድ አስፈላጊ ሆነ። የዚያ ዘመን ሲኒ እንደኛ የቡና ሲኒ ጆሮ አልነበረውም፤ ጆሮውን ያዘወተሩት አውሮፓውያን ናቸው።

አውሮፓውያን የፖርሴሊንን ምስጢር ያገኙት በ1708 በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ሲሆን፣ ሥራውም የቺርንሃውስና የቦትገር ነበር። በ1710 የማይሰን ፋብሪካ ተቋቋመ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆሳያ ስፖድ የተቃጠለ የከብት አጥንት አመድ ከሸክላው ጋር በመቀላቀል ቀጭንና ጠንካራ ዕቃ ለማውጣት ቻለ፤ አመዱ የድብልቁን ግማሽ ያህል ይይዛል። በ1784 የእንግሊዝ መንግሥት በሻይ ላይ የነበረውን 119 በመቶ ቀረጥ ወደ 12.5 በመቶ ዝቅ በማድረጉ፣ ሻይ የባለጸጎች መጠጥ መሆኑ ቀረና የሻይ ዕቃም በመካከለኛ ቤተሰብ ቤት ገባ።

በኬንያ ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1903 በሊሙሩ ነው። ዛሬ አገሪቱ ሻይ ለውጭ ገበያ በማቅረብ ከዓለም ግንባር ቀደሞች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻችን ሻያቸውን ከወተት ጋር በድስት አፍልተው በኩባያ ሲጠጡ፣ እኛ ደግሞ በቀረፋና በቅርንፉድ አፍልተን በብርጭቆ መጠጣት እንወዳለን። ባለአበባው ዕቃ ግን በሁለቱም ሕዝብ ቤት ለክብር ተቀምጧል።

አሮጌና አዲስ እንዴት ይለያል?

በዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው «ጥንታዊ» ይባላል። ከዚያ ያነሰ፣ ግን የአንድን ዘመን መልክ የሚያሳየው «የቀድሞ ዘመን» ሲሆን፣ የቀረው ዘመናዊ ነው። ለመለየት ሦስት ነገሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ሲኒውን ወደ ብርሃን ማንሣት ነው። ፖርሴሊን የጣትን ጥላ ያሳያል፤ ተራ ሸክላ አያሳይም። ሁለተኛ፣ ጠርዙን በጣት በቀስታ መምታት ነው። ጤነኛው ፖርሴሊን እንደ ደወል ሲያቃጭል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ሦስተኛውና ዋናው ሥሩን ገልብጦ ማየት ነው። ከ1842 እስከ 1883 የተመዘገቡ የእንግሊዝ ንድፎች ባለአራት ማዕዘን የአልማዝ ቅርጽ ምልክት ሊኖራቸው ይችላል። ከ1891 ጀምሮ አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላዘዘች፣ የአገር ስም በብዛት መታየት ጀመረ። ለአሜሪካ ገበያ የተላከ የጃፓን ዕቃ እስከ 1921 «ኒፖን» ሲል፣ ከዚያ በኋላ «ጃፓን» ይላል። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952 የነበረውን ጊዜ ያመለክታል። ሆኖም ታዋቂ ምልክቶች፣ በተለይ የማይሰን የተጣመሩ ሰይፎች፣ ብዙ ጊዜ ተመሳስለው ስለተሠሩ በምልክት ብቻ ተማምኖ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

የሚጎድል ነገር መኖሩንም መቁጠር ይገባል። የተለመደው የእንግሊዝ ባለ21 የሻይ ዕቃ 6 ሲኒ፣ 6 የሲኒ ማስቀመጫ፣ 6 ትንንሽ ሳህን፣ 1 የኬክ ሳህን፣ 1 የወተት ማንቆርቆሪያና 1 የስኳር መያዣ ነው። በራዱ በቁጥሩ ውስጥ የለበትም፤ ስለዚህ በራድ የሌለው ሁሉ ጎዶሎ አይደለም።

ለእኛ ምን ያስረዳል?

ብዙ ወገኖቻችን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ የሌኒንግራዱን የሎሞኖሶቭ ፋብሪካ የሻይ ዕቃ ይዘው መጥተዋል። የፋብሪካው ታዋቂ ሰማያዊ መረብ ንድፍ በአና ያትስኬቪች የተሣለው በ1940ዎቹ ነው። ከሥሩ «በሶቪየት ኅብረት የተሠራ» የሚል ሲኒ ከ1991 በኋላ የተሠራ ሊሆን አይችልም፤ አገሪቱ በዚያ ዓመት ፈርሳለችና። በዚያው በ1991 ደግሞ ከኢትዮጵያ ብዙ ሰው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሰደደ። በዚያ መንገድ ወረቀቱ የጠፋበት ቤተሰብ፣ በልብስ ጠቅልሎ ያሻገራት አንዲት ሲኒ ብትኖረው የት እንደተማረና በየትኛው ዘመን እንደኖረ የምትመሰክርለት እርስዋ ናት።

ዛሬ ይህ ምስክር በመበተን ላይ ነው። አባትና እናት ሲያልፉ ልጆች ዕቃውን ሁለት ሁለት አድርገው ይካፈላሉ፤ አንዱ ወደ ካናዳ፣ ሌላው ወደ አውስትራሊያ ይወስደዋል። መካፈሉ ክፋት የለውም። ክፋቱ ከየት እንደመጣ ሳይነገር መሄዱ ነው። ዋጋውን ለማወቅ የሚሯሯጥ ብዙ ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ ገዛው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በገበያ ቤት እንደ አሸን የፈላ ባለጽጌረዳ ሲኒ በገንዘብ ብዙ ላያወጣ ይችላል፤ ለቤተሰቡ ግን ምትክ የለውም።

ስለ አጠቃቀሙም አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በአሮጌ ዕቃ ልባጥና ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ በተለይ ቀለሙ የተላጠ ወይም የተሰነጣጠቀ ሲኒ ለዕለት ተዕለት መጠጫ፣ ይልቁንም ለባለሎሚ ሻይና ለሕፃናት ባይውል ይመረጣል። የወርቅ ቅብ ያለው በማይክሮዌቭ አይገባም፤ በእጅና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ሲደረደርም በሳህኖቹ መካከል ጨርቅ ወይም ወረቀት ይደረግ።

በመጨረሻም የማኅበራችን አባላት በሙሉ ይህን የኢዮቤልዩ ዓመት ምክንያት በማድረግ ቡፌአቸውን ከፍተው፣ ዕቃውን ገልብጠው ምልክቱን ፎቶግራፍ እንዲያነሡ፣ ያመጣውን ሰው ስምና ዓመቱን ጽፈው በበራዱ ውስጥ እንዲያኖሩ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሊነግሩን የሚችሉ እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። መልካም ኢዮቤልዩ!