የቢዩት ጎዳና ሁለቱ ሟቾች

ነሐሴ 28 ቀን 1944 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1952) ጠዋት፣ ማሕሙድ ሁሴን ማታን የተባለ የሐርጌሳ ተወላጅ መርከበኛ በዌልስ የወደብ ከተማ በካርዲፍ ወህኒ ቤት ተሰቀለ። ባለቤቱ ላውራ ልትጠይቀው ብላ ስትሄድ በበሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየች። የባሏን ሞት የነገራት ያ ወረቀት ነው። ቀኑ በየዓመቱ ሲደርስ ወሬው የሚመለሰው ወደ አንድ መንገድ ነው፤ ወደ ቢዩት ጎዳና።

ጎዳናውን የፈጠረው የድንጋይ ከሰል ነው። ሁለተኛው የቢዩት ማርኩዊስ ያስገነባው የመርከብ መጫኛ እ.ኤ.አ. በ1839 ተከፈተ፤ በ1913 ደግሞ ከካርዲፍ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ተጫነ። ለዚያ ሁሉ መርከብ ጉልበት ያስፈልግ ነበርና ከኤደን፣ ከበርበራ፣ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከምዕራብ አፍሪካ ሰው ጎረፈ። ታይገር ቤይ በተባለው በዚያ ሰፈር መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቡና ቤቱና የመርከበኞች ማደሪያው ተጠጋግተው ቆሙ። ከላይኛው ከተማ ግን ሰፈሩ በጥርጣሬ ነበር የሚታየው፤ በሰኔ 1919 ነጮች በጥቁሮችና በዓረቦች ላይ ተነሥተው ቤት ሰበሩ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1952 ምሽት፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ በቢዩት ጎዳና ቁጥር 203 ሊሊ ቮልፐርት ሱቋን ስትዘጋ በስለት ጉሮሮዋን ተቆርጣ ተገደለች። አይሁዳዊት ናት። ልብስ ትሸጣለች፣ ለመርከበኞችም ገንዘብ ታበድራለች። ቤተሰቧ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ነበሩ። ወደ 100 ፓውንድ ተወሰደ።

ፖሊስ ማሕሙድን ያዘ። ማሕሙድ ላውራን ያገባት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ነው፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። ጥቁርና ነጭ ሆነው አብረው መኖር አልሆነላቸውምና እሷ ከእናቷ ጋር፣ እሱ ከመንገዱ ማዶ ካለ ቤት፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይኖሩ ነበር። ክፍሉ ሲበረበር የተሰረቀው ገንዘብም በደም የተነከረ ልብስም አልተገኘም። የተገኘው የተሰበረ ምላጭና በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ የደም ነጥብ ያለበት ጫማ ነው። ጫማውን የገዛው ሌላ ሰው ሲያደርገው የኖረ አሮጌ ሆኖ ነው።

ክሱ የቆመው በሃሮልድ ከቨር ቃል ላይ ነበር። ጃማይካዊው ከቨር ማሕሙድን ከሱቁ ሲወጣ አየሁት አለ። የሟቿ ቤተሰብ ለጠቆመ 200 ፓውንድ እንደሚሰጥ አስነግሮ ነበር፤ ከዚያ ላይ ለከቨርም ደረሰው። ከቨር በመጀመሪያ ለፖሊስ የሰጠው መግለጫ ግን ጣሒር ጋስ ለተባለ ሌላ ሶማሊያዊ የሚመጥን ነበር፤ ይህን የመከላከያ ጠበቃው እንዲያውቅ አልተደረገም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅም ያየሁት ሰው ይህ አይደለም ብላ ነበር። የእሷም ቃል ችሎት ፊት አልቀረበም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የገዛ ጠበቃው ነገር ነው። ሊከላከልለት የቆመው ሰው ማሕሙድን ለዳኞቹ ከፊል የሠለጠነ አረመኔ ብሎ ነው የገለጸላቸው። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይጨምር?

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋስ በሌላ ሰው ግድያ ተከስሶ አእምሮው የታወከ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከቨር ራሱ የገዛ ልጁን በምላጭ ለመግደል በመሞከሩ ተፈረደበት። ያኔም ቢሆን መንግሥት የማሕሙድን መዝገብ ለመክፈት እንቢ አለ። ላውራና ልጆቿ ግን አልተዉትም። አስከሬኑን በ1996 ከወህኒ ቤቱ ግቢ አስወጥተው በመቃብር ቦታ አሳረፉት። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 1998 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። እኔም ከላውራ ጋር ነኝ፤ ማሕሙድ ቁጥር 203 በር ላይ አልነበረም።

የሊሊን ደም ግን ማንም አልመለሰላትም። ስሟ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በማሕሙድ ታሪክ መግቢያ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ጎዳና ላይ በሐቀኝነት ሠርታ የኖረች ሴት ናትና ከዚህ የበለጠ ይገባት ነበር።

ከሁለቱ ሞት በኋላ ሰፈሩ ራሱ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሮጌዎቹ ቤቶች ተነሥተው የፎቅ መኖሪያዎች ተተከሉ፤ የ1839ኙ መጫኛም በ1964 ተዘጋ። በ1999 በተሠራው ግድብ ማዕበል ይገባበት የነበረው ወሽመጥ ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ፤ በዳርቻው የኪነ ጥበብ ማዕከልና የዌልስ ምክር ቤት ሕንፃ ተሠሩ። ሶማሌዎቹ ግን ዛሬም አሉ። የሐርጌሳ ተወላጇ ደራሲ ናዲፋ ሞሐመድም፣ አባቷ ማሕሙድን ያውቀው ነበርና፣ ታሪኩን በ2021 ልብ ወለድ አድርጋ ጻፈችው፤ መጽሐፏም ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ደረሰ።

የደቡብ ዌልስ ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው በ2022 ነው፣ ከስቅላቱ 70 ዓመት በኋላ። ላውራ በ2008 አርፋለች፤ ሦስቱም ልጆች ሞተዋል። ይቅርታውን የተቀበሉት የልጅ ልጆች ናቸው። የአያታቸው የመቃብር ድንጋይ ላይ በፍትሕ መጓደል ተገደለ የሚል ተቀርጿል።