በከተማዋ ደጃፍ፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአእምሮ ሕክምና ታሪካችን

ገፈርሳ ሲባል አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞ የሚያስበው የውኃ ግድቡን ነው። በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ያለፈ ባለሙያ ግን ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። በቡራዩ በኩል በአምቦ መንገድ የሚገኘው የገፈርሳ የአእምሮ ጤና ተሀድሶ ማዕከል፣ በአማኑኤል ሆስፒታል ታክመው ሕመማቸው ጋብ ካለላቸው በኋላ ወደ ቤተሰባቸው መመለስ ያልቻሉ ሕሙማን ለረዥም ጊዜ የሚቆዩበት ስፍራ ነው። ስለዚህም የቡራዩ ስም በአእምሮ ሕክምና ታሪካችን የሚነሣው፣ ዋና ከተማዋ የምትሸኛቸውን ሕሙማን የምትቀበል ጎረቤት በመሆኗ ነው። የቡራዩ ነዋሪ ራሱ ሲታመም የት ይታከማል የሚለው ጥያቄ እምብዛም ሲነሣ አልሰማሁም።

ይህ ጽሑፍ በሀገራችን የአእምሮ ሕመም ስርጭትና የሕክምና አገልግሎት ከቦታ ቦታ ለምን እንደሚለያይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከሦስቱ ከተሞች፣ ማለትም ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው የአማኑኤል ሆስፒታል ሕንፃ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከነፃነት በኋላ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ሆነ፤ ለበርካታ አሥርት ዓመታትም የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከጎጃምም፣ ከባሌም፣ ከሐረርም የተነሣ ሕመምተኛ መድረሻው መርካቶ አጠገብ ያለው ይኸው ግቢ ነበር። ለውጥ መታየት የጀመረው በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ሲከፈት ነው። ተመራቂዎቹ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመድበው፣ ሐኪም በሌለበት ሁሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን አቋቋሙ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እስኪጀመር ድረስ፣ በውጭ ሀገር ተምረው የተመለሱት የአእምሮ ሐኪሞቻችን ከ20 አይበልጡም ነበር። ስለዚህ ለረዥም ጊዜ የሀገሪቱን የአእምሮ ሕክምና ተሸክመው የቆዩት ነርሶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ ውለታቸው በጽሑፍ የተሰጣቸው ቦታ ግን እጅግ ጠባብ ነው።

ያ ሥርጭት አንድ ክፍተት ትቶ ያለፈ ይመስለኛል። ነርሶቹ የተመደቡት ሆስፒታል ባለበት፣ በተለይም ከአዲስ አበባ በራቁ ቦታዎች ነው። ይህም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአብዛኛው በጤና ጣቢያ የሚገለገሉ ትንንሽ ከተሞች ነበሩ፤ አማኑኤልም ቅርብ በመሆኑ የተለየ አገልግሎት ያሻቸዋል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አልነበረም። ቅርበት በካርታ ላይ ሲለካና በሕመምተኛው እግር ሲለካ ግን አንድ አይደለም። የታወከ ወንድሙን ይዞ ከሱሉልታ ገጠር የሚነሣ ገበሬ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ይጓዛል፤ እንጦጦን በታክሲ ይሻገራል፤ ከዚያም ሌላ ታክሲ ይይዛል። የሚጮህና የሚወራጭ ሰው በታክሲ መሳፈር ቀላል ነገር እንዳልሆነ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

የርቀትን ነገር በሚገባ የሚያሳየን በ2009 የታተመውና በአማኑኤል ሆስፒታል በ1,044 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ከነዚህ ሕሙማን 41 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የመጡ ሲሆኑ፣ 31 በመቶ የሚጠጉት ቀድመው የሄዱት ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ፀበል ነበር። ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ሆስፒታሉ ደጃፍ የፈጀው ጊዜ መካከለኛ ልኩ 38 ሳምንት ነው። ይህ የደረሱት ሰዎች ታሪክ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ያልደረሱትን የሆስፒታል ጥናት አያያቸውም።

ፀበሉም የራሱ መልክዓ ምድር አለው፤ መንገዶቹም በነዚሁ ከተሞች በኩል ያልፋሉ። ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚሄድ ሕመምተኛ ሱሉልታን ያቋርጣል። በሰበታ በኩል በጅማ መንገድ የሚጓዝ ደግሞ ቀድሞ ጊዮን ትባል ወደነበረችው ወሊሶ ይደርሳል። በ1960ዎቹ አባ ወልደ ትንሣኤ መናፍስትን የሚያወጡ አጥማቂ ሆነው ስማቸው የገነነው በዚያች ከተማ ነበር። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቻቸው ጋር ስፍራውን አጥንተው በ1968 አሳትመዋል። ይህ ሥራ ዛሬም ሊነበብ ይገባል እላለሁ። ሳይንሳዊ ምርምር ወደ ፀበሉ ደጃፍ ሄዶ ሕመምተኛው ምን እንደሚፈልግ የጠየቀበት ከጥቂቶቹ ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ነውና። ከዚያ በኋላ የብዙዎቻችን ልማድ ሕመምተኛውን «ለምን ፀበል ሄድክ?» ብሎ መገሠጽ ሆኖ ቀረ። በ1999 በቡታጅራ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው የገጠሩ ሕዝብ ለአካል ሕመም የዘመናዊውን ሕክምና፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን ይመርጣል። ዘመናዊው ሕክምና ለአእምሮ ሕመም በአካባቢው ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡ ሌላ ምን ሊመርጥ ይችል እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቡታጅራ ከተነሣ ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። ከሰበታ ጋር ከተያያዘችው ከዓለም ገና ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ በቡኢ በኩል አድርጎ ቡታጅራ ያደርሳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ከተቋቋመ ወዲህ ተመራማሪዎቻችን ሲመላለሱበት የኖሩት መንገድ ይኸው ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ፕሮፌሰር ደረጀ ከበደን የመሰሉ ምሁራን በ1990ዎቹ በተለያዩ ስፍራዎች የሠሯቸው ጥናቶች፣ የኢትዮጵያን የአእምሮ ሕመም ስርጭት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊ ናሙና አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በቡታጅራ ለ10,468 ሰዎች ሲቀርብ 17.4 በመቶው የአእምሮ ጭንቀት ታየባቸው። በአዲስ አበባ ለ10,203 ሰዎች ሲቀርብ ያገኘው 11.7 በመቶ ነው። ገጠር ሰላም፣ ከተማ ጭንቀት ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በቡታጅራ 68,378 ጎልማሶች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ የስኪዞፍሬኒያ ስርጭት ከ1,000 ሰው 4.7 ሆኖ ተገኘ። ከተለዩት ሕሙማን ቀደም ሲል መድኃኒት ያገኙት ከ10ሩ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከአምስቱ አራት የሚበልጡትም ወንዶች መሆናቸው እስከ ዛሬ ያነጋግራል፤ ሴቶቹ በእርግጥ ጥቂት ነበሩ ወይስ በጓዳ ተሸሽገው ቀሩ? በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ በ2004 የታተመው ጥናት ደግሞ የባይፖላር ሕመም ስርጭትን 1.83 በመቶ ሲያደርሰው በቡታጅራ 0.5 በመቶ ብቻ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የቦረና ታሪክ ነው። በዚያው በ2004 የታተመ ጥናት በከፊል አርብቶ አደር በሆነው የቦረና ማኅበረሰብ 1,854 ሰዎችን በመጠይቅ ቢመረምር፣ አንድም የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ አላገኘም። ውጤቱ ብዙ አከራከረ። ዶ/ር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ተመልሰው ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን መጠይቁን ትተው አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችን «በመካከላችሁ አእምሮው የታወከ ሰው አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት ሕሙማኑ ተገኙ። የመጀመሪያው ጥናት በስንፍና የተሠራ አልነበረም፤ መሣሪያው ለስፍራው አልተስማማም እንጂ። በክልሎች መካከል «እዚህ ይበዛል፣ እዚያ ያንሳል» የሚል ሠንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ቦረና ትዝ ይለኛል። ዝቅተኛ ቁጥር የጤና ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂው ያልደረሰበት ቤት ብዛትም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ቡታጅራ፣ አዲስ አበባ፣ ዝዋይና ቦረና የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሰበታ ያለችው በሁለቱ ታላላቅ የጥናት ስፍራዎች መካከል፣ በመንገዱ ላይ ነው። የቡታጅራን ቁጥር እንዳትወስድ ገጠር መሆኗ ቀርቷል፤ የአዲስ አበባን እንዳትወስድም የነዋሪዎቿ ሕይወት የተለየ ነው። በነዚህ ከተሞች ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻና የመኖሪያ ሠፈር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተስፋፍተዋል። መሬቱን የለቀቀ ገበሬ፣ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የመጣ ወጣት፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በመስከረም 2018 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ሰዎች ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ተፈናቅለዋል። መፈናቀል፣ ሥራ አጥነትና የዘመድ መራቅ ለአእምሮ ሕመም እንደሚያጋልጡ ለዚህ መጽሔት አንባቢያን ማስረዳት አያስፈልግም።

አስተዳደሩም ነገሩን ያወሳስበዋል። ከተሞቹ በ2008 በተቋቋመው በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ውስጥ ነበሩ፤ በ2022 ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ሕሙማናቸው የሚታከሙት ግን በአብዛኛው በሌላ አስተዳደር ክልል ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ይህ በወረቀት ላይ ምን እንደሚያስከትል የተረዳሁት በአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል በተመላላሽ ክፍል ስሠራ ነው። አንድ ወጣት ሕመምተኛ ካርዱ ላይ አድራሻው «ጉለሌ» ይላል። ይዞት የመጣው ታላቅ ወንድሙ ግን ቤታቸው ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ፤ ጉለሌ የሚኖሩት አክስታቸው ናቸው። «የአዲስ አበባ አድራሻ ካላችሁ ይሻላል ስላሉን ነው፣ ዶክተር» አለኝ። በዚያን ዓመት ሪፖርት ያ ልጅ የአዲስ አበባ ሕመምተኛ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

ልጁ አማርኛ ጥቂት ነው የሚችለው። በወንድሙ አስተርጓሚነት «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ወንድምየው ልጁን ሳይጠይቅ «ኧረ ምንም አይሰማም» ሲል መለሰልኝ። አፋን ኦሮሞ የምትናገር ነርስ ጠርተን ስትጠይቀው፣ ሁለት ሰዎች ሌሊት ሌሊት ስሙን እየጠሩ እንደሚሰድቡት ነገራት። ስቴቶስኮፕ ቋንቋ አይሻም፤ የአእምሮ ምርመራ ግን ሌላ መሣሪያ የለውም።

መፍትሔው ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚያው ከዓለም ገና መንገድ ላይ ፍንጭ ይገኛል። ከ2011 እስከ 2019 ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምን በየጤና ጣቢያው እንዲያክሙ አድርጓል። ቀጥሎም ያው አሠራር በሳይካትሪ ነርስ ከሚመራው የሆስፒታል ክትትል ጋር በ329 ሕሙማን ላይ በዕጣ ተነጻጸረ፤ በ2022 የታተመው ውጤት የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ እንደማያንስ አሳይቷል። በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የአእምሮ ሕክምና ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ የሚያዝ ነበር። ስለዚህ የሰበታ ወይም የሱሉልታ ጤና ጣቢያ ባልደረባ «ይህ የስፔሻሊስት ሥራ ነው» ሊል የሚችልበት ሳይንሳዊ ምክንያት ዛሬ ቀጭን ነው። የሠለጠነው ነርስ ሲዛወርና የሃሎፔሪዶል ክምችት ሲያልቅ ግን ሥልጠናው ብቻውን እንደማያክም መዘንጋት የለበትም።

ያ የሱሉልታ ልጅ ሁለት ጊዜ ቀጠሮውን አክብሮ መጥቶ ነበር፤ ድምፆቹም ቀንሰውለት ነበር። በሦስተኛው ቀረ። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ የአክስቱ ነበርና ደወልን፤ ደብረ ሊባኖስ ወስደውታል አሉን። ከአራት ወር በኋላ ወንድምየው ብቻውን መጣ። ታናሹ በሰው ብዛት ታክሲ ውስጥ መግባት ስለሚፈራ ይዞት መምጣት እንዳልቻለ ነግሮኝ፣ መድኃኒቱን በሱሉልታ የሚሰጠው ሰው ካለ እንድጽፍለት ጠየቀኝ።