ለላም ምን እናንጥፍላት?

ሰው ሠራሽ ሣር ስሙ የገነነው በሞተ ሣር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በሂዩስተን፣ አሜሪካ የተከፈተው ባለ ጣሪያ ስታዲየም የጣሪያው ነጸብራቅ ተጫዋቾችን ስላስቸገረ ቀለም ተቀባ፤ ብርሃን ያጣው ሣር ደረቀ። በ1966 ፕላስቲክ ተነጠፈ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው፣ በየጀበና ቡናው የቄጠማን ቦታ ይዟል። ውሻ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ ከሥሩ ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ካልተደለደለ ሽንቱ ይከረፋል፤ ፀሐይ ሲመታውም መዳፍ ያቃጥላል።

ቄጠማ የረግረግ ልጅ ነው። ረግረግ ከተነሣ ከሚሴ አጠገብ ያለው ጨፋ አይዘለልም። ቦርከና የሚያጠጣው ይህ ሸለቆ በበጋ የኦሮሞንና የአፋርን ከብት ሲያኖር ቆይቷል። አሁን በእርሻ እየተገፋ ጠብቧል።

ለሂዩስተን ምትክ ተገኘ፤ ኳስ ሣር አይግጥምማ! ጨፋ ቢደርቅስ?