ከትምህርት ቤት በፊት ያሉት ዓመታት፦ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የዕድገት ክትትል

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ መካኒሳ በከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የሆሳዕናው ትምህርት ቤት ሲቋቋም አገልግሎቱ ወደ ደቡብ ተጠጋ፤ ለነገሌ ቦረና፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ግን አሁንም ሩቅ ነበር። ሁለቱም የሚቀበሉት ለትምህርት የደረሰን ልጅ ነበር።

ቋንቋ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። የሚሰማ ሕፃን ከ6 እስከ 10 ወሩ «ባባባ» እያለ ክፍለ ቃላትን ይደጋግማል። መስማት የተሳነውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ስለሚያሰማ ወላጅ አይጠረጥርም። በ1991 እ.ኤ.አ. ፔቲቶና ማረንቴት በምልክት ቋንቋ የሚያድጉ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት በዚሁ ዕድሜ በእጃቸው ተመሳሳይ ልምምድ እንደሚያደርጉ ገለጹ። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዮሺናጋ-ኢታኖና ባልደረቦቿ ችግራቸው ከ6 ወር በፊት የታወቀላቸው ሕፃናት ዘግይቶ ከታወቀላቸው የላቀ ቋንቋ እንዳዳበሩ አሳዩ።

ስለሆነም ክትትሉ መጀመር ያለበት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከክትባት ጣቢያ ነው። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት ፕሮግራም ሕፃኑን በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ያስቀርባል። በዚያ ዕለት እናቲቱ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ልትጠየቅ ይገባል፦ ሕፃኑ ከጀርባው ሲጠሩት ይዞራልን? ክፍለ ቃላትን ይደጋግማልን? መልሱ በክትባት ካርዱ ላይ ቢመዘገብ፣ ከብት ተከትሎ ከሚዘዋወረው ቤተሰብ ጋር አብሮ ይጓዛል። የጠረጠረ ቤተሰብም ምልክት ቋንቋን በጊዜ ከጀመረ፣ መምህሩ በ7 ዓመቱ የሚቀበለው ልጅ ፊደል የሚቀረው እንጂ ቋንቋ የሌለው አይሆንም።