ከደኑ የሚቀድም መንገድ

የቤልጂየም ደቡብ ምሥራቅ ክፍል አርደን ይባላል። ኡርት፣ አምብሌቭ፣ ሌስና ሰሟ የተባሉት ወንዞች ደጋውን እየሰነጠቁ፣ እንደ እባብ እየተጥመለመሉ ይወርዱና አንዱ በቀጥታ፣ አንዱ በሌላው በኩል ሁሉም ሜዝ ከተባለው ትልቅ ወንዝ ይገባሉ። የሸለቆዎቹ ግራና ቀኝ ደን ነው። በደኑ ውስጥ ደግሞ እግረኛ የሚጓዝባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ በተቀባ ነጭና ቀይ ምልክት እየተመራ ሰው ቀኑን ሙሉ፣ ከፈለገም ሳምንቱን ሙሉ ይሄድባቸዋል። ለአገር ጎብኚ የሚታተሙ መጻሕፍት ደኑን ከጥንት ያልተነካ፣ መንገዱን ግን ለእንግዳ ሲባል ትናንት የተጠረገ ያስመስሉታል። እኔ እንደማየው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንገዱ ሽማግሌ፣ ደኑ ግን ልጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

እርግጥ ነው፣ ጥንት ደን ነበረ። ዩልየስ ቄሳር ጎል የተባለውን አገር በወጋበት ዘመን ስለ አርደን ሲጽፍ በዚያ ምድር ካሉት ደኖች ሁሉ ትልቁ መሆኑን ገልጿል። ነገር ግን ከቄሳር ወዲህ ሁለት ሺህ ዓመት አልፏል፤ በመካከሉም ብረት መጣ። በዚያ ዘመን ብረት ለማቅለጥ ሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ማዕድኑ፣ ወናፉን የሚነፋና ከባዱን መዶሻ የሚያነሳ የውኃ ጉልበት፣ ከዚያም ከሰል። የአርደን ሸለቆዎች ሦስቱንም በአንድነት ይዘው ተገኙ። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በየወንዙ ዳር የማቅለጫ ምድጃና የመዶሻ ቤት ተተከለ። የአካባቢው አንጥረኞች ሙያ እጅግ ከመራቀቁ የተነሳ በ1587 ሊዬዥ ከተማ የተወለደው ባለሀብት ሉዊ ደ ዬር ወደ ስዊድን ሲሄድ ከዚሁ አገር ብዙ ሠራተኞች ተከትለውት ተሰደዱ። ስዊድኖች እነዚያ ስደተኞች ያመጡትን የብረት አሠራር እስከ ዛሬ በዋሎኖች ስም ይጠሩታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ምድጃ የሚቀልበው ማን ነበር? ከሰል አክሳዩ ነዋ! እንጨቱን ይከምራል፣ በሣርና በአፈር ይሸፍነዋል፣ ጭሱን እያየ አየር እንዳይበዛበትም እንዳያንስበትም ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። ጎጆውም እዚያው ደን ውስጥ ነው። ዛሬ በሸለቆው ተዳፋት ላይ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑን ገለጥ ካደረገ፣ ድንገት በቁልቁለቱ መካከል እንደ አውድማ የተስተካከለ ክብ ቦታ ያጋጥመዋል። አፈሩን በጫማው ጫፍ ቢጭረው ጥቁር ነው። ያ የከሰል አክሳዩ የሥራ ቦታ ነበር። እኔም የአምብሌቭ ገባር የሆነችውን ኒንግሊንስፖን ተከትዬ ሽቅብ ስሄድ ትኩረቴን የሳበው ጎብኚው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሳው ፏፏቴ ሳይሆን የመንገዱ አያያዝ ነበር። ብዙ ጊዜ የአርደን አሮጌ መንገድ ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጥም፤ ጎን ለጎን ይዞ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህ ለሽርሽር የወጣ ሰው የመረጠው አቅጣጫ አይመስለኝም። የተጫነ ፈረስ የመረጠው ነው።

ከሰሉ ብቻም አልነበረም። የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት ቆዳ ለማልፋት ይፈለጋል፤ ስታቭሎና ማልሜዲ የተባሉት ከተሞች በቆዳ ፋቂዎቻቸው የታወቁ ነበሩ። በጸደይ ወራት በዛፉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ላይ ሲወጣ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቅቃልና መንደርተኛው በዚያን ጊዜ ወጥቶ ይልጠዋል። ባሉጡን ከሥሩ አይነቅሉትም፤ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ትተውት ሃያ ዓመት ገደማ ቆይተው ይመለሱበታል። ከቆረጡ በኋላ ደግሞ የተረፈውን ጭራሮ አቃጥለው፣ በአመዱ ላይ በደካማና በቀዝቃዛ መሬት የሚበቅለውን ራይ የተባለ እህል ይዘሩበታል። ከዚያ ወዲያ ከብት ይሰማራበታል። መንደሩ አንድ የጋራ እረኛ ነበረው፤ ጠዋት ጥሩምባውን ሲነፋ እያንዳንዱ ቤት ላሙንና አሳማውን ይለቅቃል፣ መንጋውም በአንድ መንገድ ተግተልትሎ ይወጣል። መንገዱ ሰፋ ያለ፣ ግራና ቀኙ በአጥር የታጠረ ነበር። ዛሬ ደን መሐል ያለ ምክንያት ሰፍቶ የሚታይ መንገድ ቢያጋጥማችሁ መንጋ ያሰፋው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲደማመር ደኑ ምን ሆነ? አለቀ። ኦስትሪያ ያችን አገር ትገዛ በነበረ ጊዜ፣ በ1770ዎቹ፣ ጆሴፍ ደ ፌራሪስ የተባለ የጦር መኮንን ያስነሳው ዝርዝር ካርታ አለ። ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ በሚታይባቸው ብዙ ከፍታዎች ላይ ካርታው የሚያሳየው ቁጥቋጦና ሣር የወረሰው ገላጣ መሬት ነው። መንገዶቹ ግን በካርታው ላይ አሉ።

በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ ረሃብ በሆነ ጊዜ መንግሥት ዓይኑን በዚህ ገላጣ መሬት ላይ ጣለ። መሬቱ የመንደሮች የጋራ ይዞታ ነበር። ለብራስልስ ሹማምንት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጠፍ፣ ለመንደሩ ድሃ ግን የላሙ ግጦሽና የምድጃው ማገዶ ነው። ማርች 25 ቀን 1847 የወጣው ሕግ መንደሮቹ ያልለማ መሬታቸውን እንዲሸጡ ወይም እንዲያለሙ የሚያስገድድ ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ስፕሩስ የተባለው፣ የአርደን ተወላጅ ያልሆነው የጥድ ዘመድ በመደዳ በመደዳ የተተከለው። ቀጥ ብሎ በፍጥነት ያድጋል፤ የሊዬዥና የሻርለርዋ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችም ጣሪያቸውን የሚደግፉበት ግንድ ይፈልጋሉ። የሚገርመው ግን፣ ጆን ኮክሪል በ1820ዎቹ በሊዬዥ አቅራቢያ በሴረን ብረትን በድንጋይ ከሰል ማቅለጥ ከጀመረ ወዲህ የሸለቆዎቹ ምድጃዎች አንድ በአንድ ጠፍተው ነበር። ደኑ ከከሰል አክሳዩ ሲድን ለማዕድን ጉድጓዱ ታጨ ማለት ነው። በዋሎኒያ የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በ1984 ሲዘጋ ለእርሱ ከታሰቡት ዛፎች ብዙዎቹ ገና ቆመው ነበር። ዛሬ ከዋሎኒያ መሬት አንድ ሦስተኛው ገደማ ደን ነው፤ ጎብኚው ጥንታዊ እያለ የሚያደንቀው ከዚህ ብዙው የቅድመ አያቶቹ እጅ የተከለው ነው።

መንገዶቹን ለሽርሽር መጠቀም የተጀመረው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የመጡት ባለጸጎች ናቸው፤ በማዕድን ውኃዋ ወደ ታወቀችው ወደ ስፓ ከተማ ታላቁ ጴጥሮስ ሳይቀር በ1717 መጥቷል። የዳግማዊ ሊዮፖልድ ሚስት ንግሥት ማሪ ሄንሪየት የመጨረሻ ዓመታትዋን በዚያው አሳልፋ በ1902 ሞተች። በአቅራቢያው ካሉት ፏፏቴዎች አንዱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በንጉሡ ስም ነው። ሊዮፖልድ በኮንጎ ሕዝብ ላይ ያስፈጸመውን ግፍ ለሚያውቅ አፍሪካዊ ስሙን በእንጨት ሰሌዳ ላይ አንብቦ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በ1860ዎቹ በኡርት ሸለቆ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የከተማው ሠራተኛ ግን እግሩን ለማፍታታት የቻለው ከታላቁ የ1936 የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ሠራተኛው በዓመት 6 ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት አገኘ። ስድስት ቀን ለአንድ ሸለቆ ይበቃል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዲሴምበር 16 ቀን 1944 ጀርመኖች ትልቅ ማጥቃት በአርደን ከፈቱ። ዮአኪም ፓይፐር የተባለው የኤስ ኤስ መኮንን የሚመራው የታንክ ጦር በማግሥቱ ማልሜዲ አጠገብ እጃቸውን የሰጡ 84 አሜሪካውያንን ጨፍጭፎ በአምብሌቭ ሸለቆ ወደ ሜዝ ገሠገሠ። በመንገዱ ላይ ትሯ ፖን የምትባል ከተማ አለች፤ ትርጉሟ ሦስት ድልድይ ማለት ነው። አሜሪካውያን መሐንዲሶች ታንኩ ሊደርስ ሲል ድልድዩን አፈነዱት። ፓይፐር ወደ ሰሜን ታጠፈ፤ ቀጥሎ የጠበቀውም ድልድይ ፈነዳበት። በመጨረሻ ላ ግሌዝ በተባለች መንደር ተከቦ ነዳጁ አለቀ። በገና ዋዜማ ሌሊት ታንኮቹንና መኪናዎቹን ሁሉ ጥሎ፣ 800 ያህል ሰው አስከትሎ፣ በደን ውስጥ በእግር መንገድ ወጣ፤ የሳልምንም ወንዝ በዚያ ብርድ በዋና ተሻገሩ። ከጣሏቸው ግዙፍ ታንኮች አንዱ አሁንም ላ ግሌዝ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ሸለቆው ያንን ሁሉ ብረት አላሳልፍ ብሎ እግረኛውን አሳለፈ። ነፍሰ ገዳይ ይሁን ከሰል አክሳይ፣ መንገድ የሚሄድበትን አይመርጥም።

አሁን ነጭና ቀይ ምልክት የተቀባባቸውን ረጃጅም መስመሮች ያደራጀው በ1959 የተቋቋመ የፈቃደኞች ማኅበር ነው፤ ምልክቱን የተዋሱት ከፈረንሳይ ነው። ፈቃደኞቹ አዲስ መንገድ መጥረግ ብዙም አላስፈለጋቸውም፤ የነበረውን አገኙ፣ ቀለም ቀቡት። ቁጥር 57 የተባለው ኡርትን፣ ቁጥር 16 ሰሟን ይከተላል።

የነበረውን ማግኘት ግን ያለ ጠብ አልሆነም። ኤፕሪል 10 ቀን 1841 የወጣው የመንደር መንገዶች ሕግ እያንዳንዱ መንደር መንገዶቹን ሁሉ፣ ከጋሪው መንገድ እስከ እግረኛው አቋራጭ ድረስ፣ በቁጥርና በስፋት አስፍሮ በካርታ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። መዝገቡ አሁንም አለ። ክፋቱ በዚያ ሕግ አሠራር ለ30 ዓመት ሰው ያልሄደበት መንገድ መብቱን ሊያጣ መቻሉ ነው። እረኛው ሲጠፋ፣ ገበሬው መኪና ሲገዛ፣ ልጆች በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በብዙ መቶ የሚቆጠር አቋራጭ ሰው አልባ ሆነ። ባለርስቱ አጥር ያጥራል፤ የአደን መሬት የገዛው ጌታ ሰንሰለት ይዘረጋል፤ ጊዜውም ይቆጠራል። እንግዲህ በየእሑዱ ቦርሳውን አዝሎ በእሾህ መካከል የሚንጎራደደው ጡረተኛ ለጤናው ብቻ አልነበረም የሚሄደው። ማንም ሰው እዚህ ሄዷል ወይ ተብሎ ፍርድ ቤት ሲጠየቅ ምስክሩ እርሱ ነበር። በ2014 ዋሎኒያ ያወጣችው አዋጅ የ1841ን ሕግ ተክቶ መንገድ ስላልተሄደበት ብቻ እንዳይሰረዝ ደነገገ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከጦርነቱ ይልቅ ይህ ጥቂት መስመር ሕግ ትልቅ ሆኖ ይታየኛል።

ደኑ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ከ2018 ድርቅ በኋላ ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛ ስፕሩሱን ወርሮ ተዳፋቱን በያለበት ቡናማ አደረገው፤ ጥላ ሥር ይሄድ የነበረ መንገድ በአንድ ዓመት ፀሐይ ላይ ወጣ። በጁላይ 2021 ደግሞ ቬስድርና ኡርት ከመኝታቸው ወጥተው 39 ሰው ገደሉ።

ስለ ሰሟ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ይህ ወንዝ ከሁሉም ይጠማዘዛል፤ ቡዮን ላይ በሚከበው ቋጥኝ አናት የተቀመጠውን ግንብ ጎድፍሯ ለሊዬዥ ጳጳስ በገንዘብ አስተላልፎ ነው በ1096 ወደ ኢየሩሳሌም የዘመተው። ከግንቡ በታች፣ ወንዙ ወደ ፈረንሳይ በሚያመራበት በኩል ያሉት መንደሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ትምባሆ ይተክሉ ነበር፤ የማድረቂያ ጎተራዎቻቸው፣ ነፋስ እንዲያስገቡ ተብለው በሳሳ ሳንቃ የተሠሩት፣ በመንገዱ ዳር አሁንም ይታያሉ። ላፎሬ የተባለችው መንደር ማሳዎቿ ከወንዙ ማዶ ነበሩ። ስለዚህ በአውሮፓ የበጋ ወራት ውኃው ሲጎድል መንደርተኞቹ በወንዙ ላይ እግር ተክለው፣ ከቀጫጭን ቅርንጫፍ የተጎነጎነ ወለል ዘርግተው ትምባሆውን ያሻግሩበት ነበር፤ ወንዙ ሊሞላ ሲል ያነሱታል። የትምባሆው ሥራ ዛሬ ከጥቂት ሰዎች እጅ በቀር ቀርቷል። ድልድዩን ግን በየበጋው ይዘረጉታል፤ ስትረግጡት እንደ ቅርጫት ይንሲያጠጣል፣ በጉንጉኑም ክፍተት ውኃው ሲያልፍ ይታያል።