የ1997ቱ የመሬት ክርክር ከላንጋኖ ዳርቻ ሲታይ



በሕገ መንግሥታችን ፕሬዚዳንቱን የሚሰይሙት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ የሥራ አስፈጻሚነቱን ሥልጣን የሚይዘው አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ነው። ስለሆነም የተፎካካሪዎችን አቋም ለማነጻጸር የፓርቲዎችን ክርክር፣ በተለይም ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት በቴሌቪዥን የተላለፈውን፣ መመልከት ይገባል።

ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል አለ። ገበሬው በክፉ ቀን ማሳውን ሸጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል የሚል ስጋት ነበረው። ቅንጅት መሬት የግል ይሁን ሲል ተከራከረ፤ ይዞታው በመንግሥት እጅ የሆነ ገበሬ ዋስትና የለውም፣ ድምፁንም በነጻነት አይሰጥም የሚለው መከራከሪያ ከተቃዋሚዎች ወገን ተደጋግሞ ይሰማ ነበር። አንደኛው ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ በፊት የነበረው ባለርስት እንዳይመለስ ይፈራል፤ ሌላው አዋጁ መንግሥትን ራሱን ባለርስት አድርጎታል ባይ ነው። ሁለቱም ስጋቶች፣ በእኔ ግምት፣ መሠረት ነበራቸው።

ይሁን እንጂ በክርክሩ መሐል የቆመው በሬ ጠምዶ የሚያርሰው የደጋ ገበሬ ነበር። በዚህ በላንጋኖ ዙሪያ ለሚኖረው የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢ ግን መሬት ማለት የጋራ ግጦሽና ከብት ወደ ሐይቁ የሚወርድበት መንገድ ጭምር ነው። ይህ በአንድ ሰው ስም ተለክቶ አይመዘገብም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል። ዳርቻው ለመዝናኛ ሲታጠር ግን መሬት የመንግሥት ከሆነ አጥሩን የሚፈቅደው ሹሙ ነው፤ የግል ከሆነም ገዢው። የከብቱ መንገድ በሁለቱም አማራጮች ውስጥ ስፍራ አላገኘም።